ለላንድክሩዘሬ የገባለት ቱርቦ
ሱሉልታ ያለ አንድ ጋራዥ ቫሪያብል ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ፣ እንደ ዙሩ የሚስተካከል መሣሪያ) ገጠመልኝ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ነው፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ከፋብሪካ ቱርቦ የለውም፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ዳገቱን ጥቁር ጭስ እየተፋ በሁለተኛ ማርሽ ነበር የሚወጣው። አሁን በሦስተኛ ይወጣል። ሥራውን የሚሠሩት ተርባይኑን (ጭሱ የሚያሽከረክረውን የቱርቦውን ጎማ) የከበቡት ትናንሽ ክንፎች ናቸው። የሞተሩ ዙር ዝቅ ሲል መተላለፊያውን ያጠባሉ፣ ጭሱ ተርባይኑን በፍጥነት ይመታዋል፣ ጉልበቱ ከታች ጀምሮ ይመጣል። ዙሩ ሲጨምር ይከፈታሉ። መካኒኩ የቱርቦውን የአየር ግፊት ዝቅ አድርጎ አስተካከለው፣ ልክ ነው፤ የዚህ ሞተር ኮምፕሬሽን (አየሩን በሲሊንደር ውስጥ የሚያምቅበት መጠን) ከፍተኛ ስለሆነ ብዙ ግፊት ፒስተን ይጨርሳል። የጭስ ሙቀት ጌጅም አስገባልኝ። ያለ እሱ እንዳትሞክሩት! ቅር ያለኝ ቀጠሮ አለማክበራቸው ብቻ ነው፣ "ነገ ና" ይበዛል።