ኪት፣ የዋንዛ ሳንቃ ወይስ የተሰበረ ጊታር? ጅማ ላይ በእጁ ጊታር መሥራት ለሚያምረው

«ጊታር በእጄ ልሠራ ነው፤ ኪት ላስመጣ ወይስ ዋንዛ ገዝቼ ከባዶ ልነሳ?» በርጩማና ጠረጴዛ ሠርተው እጃቸው የተፍታታ ጓደኞቼ በየተራ ጠይቀውኛል። መልሴ ሁለቱም አይደለም። የተሰበረ ጊታር ግዙ። አንገቱን አትርፉና ሳጥኑን አዲስ ሥሩለት። ምክንያቱን በብር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኪቱ፣ ማለትም ክፍሎቹ ተዘጋጅተው የሚመጡና እናንተ የምትገጣጥሙት ጊታር። ጎኖቹ ጎብጠው፣ የፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም የሚገቡት ቀጫጭን ብረቶች) ቦታዎቹ በማሽን ተቆርጠው፣ አንገቱ ግማሽ ተጠርቦ በካርቶን ይመጣል። ጥሩ ነገር ነው። ጅማ ላለ ሰው ግን ሒሳቡ አይወጣም። አንድ ባልደረባዬ ያዘዘው 180 ዶላር የሚል ነበር። ካርቶኑ ትልቅ ስለሆነ ማጓጓዣው የዕቃውን ዋጋ ሊያክል ምንም አልቀረው። ቀረጥ ተጨመረበት። እጁ ሲገባ 45 ሺህ ብር አልፏል፤ ኮላው፣ ቫርኒሹና ሞርሳው ገና አልተገዛም። ሲከፈት ደግሞ አንዱ ጎን ጉብጠቱን ለቆ ተዘርግቷል። ሻጩ «ፎቶ ላክ» አለ። ፎቶ ተላከ። ከዚያ ዝም። በዚያ ብር ያለቀለት ደህና ጊታር ይገዛል።

ከባዶ መነሳት በወሬ ደረጃ ይጥማል። ጅማ የበርጩማ አገር ነች፤ ዋንዛው ደግሞ የቡናችን ጥላ ነው። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ከበሮም ይወጣዋል። ለጀርባና ለጎን እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ችግሩ እርጥበቱ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ደርቋል?» ስትሉ «ድሮ ነዋ ልጄ!» ይሏችኋል። አትመኑ። ለሶፋ የደረቀና ለጊታር የደረቀ አይገናኙም። 2.5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሳንቃ ጥላ ውስጥ አየር እያገኘ በደንብ ለመድረቅ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። ቁራጩን መዝኑ፣ ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ በየሳምንቱ መልሳችሁ መዝኑ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያኔ ሥሩ። ሳጥኑን በክረምት አትዝጉ። የጅማን ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ እንጨት ከተጣበቀ በበጋ ሲኮማተር ፊቱ፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበት የላይኛው ሳንቃ፣ ይሰነጠቃል።

እንጨቱ ቢሳካ እንኳ አንገቱ አለ። የክሩን ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር ካደረጋችሁ የመጀመሪያው ፍሬት የሚገባው ከላይኛው ጫፍ 36.48 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ ለ17.817 ማካፈል ነው፣ ከዚያ ቀሪውን እንደገና ማካፈል። አንድ ሚሊ ሜትር ከሳታችሁ ጆሮ ያውቀዋል። የፍሬት ሽቦውና ክሩ ሲስበው አንገቱ እንዳይጎብጥ ውስጡ የሚቀበረው ትረስ ሮድ የሚባለው ብረት እዚህ ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን ነው። እኔ ሁሉንም ስደምር መሣሪያ ሳይጨምር 13 ሺህ ብር ደረሰብኝ።

እንግዲህ የተሰበረው። አንገት፣ ፍሬት፣ ትረስ ሮድና መቃኛ ከነሕይወታቸው አብረው ይመጣሉ። ጀማሪ የማይችለውና ገበያ ላይ የሌለው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሳጥኑ ቢደቅ፣ ጀርባው ቢበሳ፣ ብሪጁ (ክሩ ፊቱ ላይ የሚታሰርበት እንጨት) ቢነቀል ግድ የለም። እንዲያውም ብሪጁ የተነቀለ በብዛት ታገኛላችሁ፣ ምክንያቱም ሰው የናይለን ክር ጊታር ላይ የብረት ክር ያስራል። ናይለን በጠቅላላው 40 ኪሎ ገደማ ይስባል፤ ብረት 70 ይደርሳል። ፊቱ ሆድ አውጥቶ ብሪጁ ይነሳል። የናይለን ጊታር አንገት አብዛኛውን ጊዜ ትረስ ሮድ የለውም፤ እሱን ከወሰዳችሁ ናይለን ብቻ እሰሩበት።

ስትገዙ የጊታሩ ራስ ላይ የተለጠፈውን ታዋቂ ስም እርሱት። የተጭበረበረ ኮፒ ሞልቷል፤ ስሙ ግን ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል። አንገቱን በአንድ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት፣ ከተጠማዘዘ ተዉት። ከላይኛው ጫፍ፣ ማለትም ክሩ ከሚያርፍበት፣ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩ። ያ የጠቅላላው የክር ርዝመት ግማሽ ነው፤ አዲሱን ብሪጅ የምትተክሉት በእሱ ነው። ከብረት ክር ጋር ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይገፋል። የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝም ተመልከቱ። የላዩ የእንጨት መስመር ጠርዙ ላይ ከቀጠለ ሙሉ እንጨት ነው። ንብርብር ካያችሁ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ፊቱን ጣሉትና ከፈረንጅ ጽድ አዲስ ሥሩ። ጉጥ የሌለው፣ ከጫፉ ስታዩት የእንጨቱ መስመር ቀጥ ብሎ የቆመ ሳንቃ ምረጡ። አናጺዎቹ በማሽን ይሰነጥቁላችኋል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ግን ማሽኑ ይገነጥለዋል፤ ወደ 3 የምታወርዱት በእጅ መላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ነው።

ብራችሁንም ትዕግሥታችሁንም ፊቱ ላይ አውሉ። ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1862 እንደ ፈረንጆቹ፣ ጀርባና ጎኑ ከወረቀት የተሠራ ጊታር ሠርቶ ድምፅ የሚያመጣው ፊቱ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ለጀርባ ውድ ዋንዛ አትፈልጉ፤ የሶፋ ቤት ቁርጥራጭ ይበቃል። ጎኑን 2 ሚሊ ሜትር አድርሳችሁ፣ አርጥባችሁ፣ ውስጡ ከሰል የተደረገበት የብረት ቱቦ ላይ ቀስ እያላችሁ አጉብጡ። ሞርሳ ለመግዛትም አትቸኩሉ። የጎማ ቤት አሮጌ ከመነዳሪ በቀጭኑ ተቆርጦ ሲጠመጠም ሳጥኑን ዙሪያውን እኩል ይይዛል፤ ያውም በነፃ።

የእኔ ወጪ ይኸው። የተሰበረው ጊታር 2,500፣ የዋንዛ ቁርጥራጭ 900፣ ጽድ 500፣ ኮላ 350፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ 850፣ ክር 750። ድምሩ 5,850 ብር። ክሩ ላይ ብቻ አትቆጥቡ፤ ርካሹ ገና ሳይቃኝ ይበጠሳል።

ኪቱን የምመክረው ዘመድ በሻንጣ ይዞለት ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሰፈሩን ይጠይቅ፤ አልጋ ሥር የተጣለ ጊታር ያለው ጎረቤት አይጠፋም። ሲሸጡላችሁ ከ3,000 ብር በላይ አትክፈሉ። መቃኛው አንድ እንኳ ከጎደለ ደግሞ 500 አስቀንሱ፣ ነጠላ ስለማይሸጥ ሙሉውን መግዛታችሁ አይቀርም።