የጤፍ ዋጋ ማን ማንን ይከተላል? ቲግራማይትን ሞከርኩት

ደሴ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ሂሳብ እይዛለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሰኞው የደሴንና የኮምቦልቻን የነጭ ጤፍ ዋጋ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ፤ የጭነት ኪራዩንም ጭምር። አለቃዬ ጋሼ «ደሴ ካልጨመረ ኮምቦልቻ አይጨምርም» ባይ ናቸው። ደላሎቹ ደግሞ በግልባጩ ነው የሚሉት። ክርክሩ ሲሰለቸኝ ደብተሩን ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ስታትስሞዴልስ በተባለው የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ጥቅል ውስጥ ያለውን የግሬንጀር ፈተና ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያው ክላይቭ ግሬንጀር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ሐሳብ ነው (ኖቤሉን በ2003 ያገኘው በሌላ ሥራው ነው)። የደሴን የዛሬ ዋጋ ከደሴ ያለፉ ዋጋዎች ትገምታላችሁ። የኮምቦልቻን ያለፈ ዋጋ ስትጨምሩበት ግምቱ ከተሻሻለ፣ ኮምቦልቻ ትመራለች ይባላል። ዋጋውን እንዳለ ሳይሆን የሳምንቱን ለውጥ ነው ማስገባት ያለባችሁ፤ ሁሉም ነገር በሚወደድበት አገር ሁሉም ሁሉንም የሚመራ ይመስላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፈተናው የሚጠይቀው ሁለተኛው ዓምድ አንደኛውን ይመራል ወይ ብሎ ነው። እኔ ዓምዶቹን አዟዙሬ አስገብቼ ጋሼን «ተረቱ!» አልኳቸው። ማታ መመሪያውን ሳነብ አፈርኩ።

ደግሞ ሁለት ሁለቱን ብቻ ነው የሚያየው። የጭነት ኪራይ ሁለቱንም ከተማ ሲገፋ፣ አንዱ ሌላውን የገፋ ይመስላል። ወደ ቲግራማይት የሄድኩት ለዚህ ነው። በየጊዜው ከተመዘገቡ ቁጥሮች ማን ማንን እንደሚመራ የሚፈልግ የፓይተን ጥቅል ነው፤ ነፃ ነው። ለእያንዳንዱ ተከታታይ ቁጥር ቀዳሚ ሊሆኑ የሚችሉትን ይመርጣል፣ ከዚያ የሌሎቹን ድርሻ እየቀነሰ ያጣራል። ውጤቱን በክብና በቀስት ይስለዋል፤ ቀስቱ ላይ ያለው ቁጥር የስንት ሳምንት መዘግየት እንዳለ ይነግራል።

ከጭነት ኪራይ ወደ ሁለቱም ከተማ ቀስት ወጣ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ግን የቀስት ጫፍ የሌለው መስመር ብቻ ቀረ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ማን እንደቀደመ አይለይም ማለት ነው።

ጋሼ ሥዕሉን አይተው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ኮምቦልቻ እኮ ሐረጎን ወርደሽ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዋጋ በስልክ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ሳምንት ያድራል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የደብተሬ እንጂ የመሣሪያው አይደለም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ፓይተን ለማይችል ሰው የሚጫን ቁልፍ እንኳ ስለሌለው ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ጠዋትና ከሰዓት እየደወልኩ እመዘግባለሁ፤ የኮምቦልቻው ደላላ ቁጥሬን ሲያይ ማንሳት ትቷል።