«ነጻ የአካል ብቃት ምርመራ» ሲሏችሁ ቦርሳችሁን ያዝ አድርጉ

ጂም ልትመዘገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የኔን ጉድ ስሙ።

የ47 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮዬ አጠገብ በተከፈተ ጂም በር ላይ «ነጻ የአካል ብቃት ምርመራ» የሚል ጽሑፍ አይቼ ገባሁ። ጫማና ካልሲዬን አስወልቀው አንድ ማሽን ላይ አቆሙኝ፣ ሁለት እጀታ አስያዙኝ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ባለቀለም ወረቀት ወጣ። አሰልጣኙ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ የሰውነትዎ ዕድሜ 58 ነው።» ደነገጥኩ። የስድስት ወሩ ክፍያ 24,000 ብር ነው፤ ቅናሹ ደግሞ ማታውኑ ያበቃል። ከፈልኩ።

ልብ በሉ፤ የደም ግፊቴን የለካ የለም። መድኃኒት እወስድ እንደሆነ፣ ደረቴን ያመኝ እንደሆነ፣ ከቤተሰቤ የልብ ሕመም ያለበት ይኖር እንደሆነ የጠየቀም የለም። በወጣትነቴ ኳስ ሜዳ ላይ የተጎዳውን ግራ ጉልበቴን ላነሳ ስል «እናስተካክለዋለን» ተብዬ ታለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ብረት አሸክመው ቁጢጥ ብድግ ያሰሩኝ ጀመር። አሰልጣኙ «ትንፋሽ ይያዙ!» ይላል። ትንፋሽ አፍኖ ከባድ ነገር ማንሳት የደም ግፊትን በቅጽበት ሽቅብ እንደሚሰደው የተማርኩት በኋላ ነው። ዓይኔ ብልጭ ብልጭ ሲልብኝ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ማታ ጉልበቴ አበጠ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ነርሷ ለካችኝ፤ 168 በ104። ቆይታ ደገመች፤ ያው ነው። 140 በ90 ሲደርስ ነው እንግዲህ ከፍተኛ የሚባለው። «መቼ ጀመረዎት?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ደም ግፊት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል።

ገንዘቤን ልጠይቅ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ውሉን አወጣ። ከፊርማዬ በላይ በደቃቅ ፊደል «ጤናማ መሆኔን አረጋግጣለሁ፤ ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊው እኔው ነኝ» ይላል። እነርሱ ሊጠይቁኝ የሚገባውን እኔው እንዳረጋገጥኩ አድርገው አስፈርመውኛል። ሳላነበው የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ቢሆንም በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላልና፣ ደረሰኜን አልጣልኩም።

ያ ማሽን ውሸታም ነው አልልም። ደካማ ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ ያሳልፋል፤ ውሃ በቀላሉ ያሳልፈዋል፣ ስብ ይገታዋል፤ ከዚያ በቀመር ያሰላል። ስለዚህ ውሃ ጠጥታችሁ ወይም አልባችሁ ከሆነ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ስለ ልብና ስለ ጉልበት የሚያውቀው ነገር የለም። ይባስ ብሎ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንድ የ26 ዓመት ወጣት የተሰጠውን ፕሮግራም አሳየኝ፤ ያው ብረት፣ ያው ብዛት፣ የተለወጠው ስም ብቻ።

እውነተኛውን ምርመራ ያየሁት ኋላ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። መጀመሪያ ጠየቀኝ፣ ብዙ ጠየቀኝ። ከቡና እንደመጣሁ ስነግረው (ቶናውን ጠጥቼ ነበር የተነሳሁት) ግማሽ ሰዓት አስቆየኝ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ በጸጥታ አስቀምጦ ግፊቴን ለካ። የልብ ምቴን ቆጠረ፣ በአንድ እግር አቆመኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደምነሳ ቆጠረ። ቁጢጥ ስል ግራ ጉልበቴ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ ያየው እርሱ ነው። ግፊቱ እስኪስተካከል ብረት ከለከለኝ፤ እያወራሁ ልሄድ የምችልበትን ያህል በእግሬ እንድሄድ አዘዘኝ።

ቀስ ብሎ ለመራመድ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ጤነኛ ወጣት ሁሉ ሐኪም ቤት ይሰለፍ ማለቴም አይደለም። ነገር ግን የሚሸጥላችሁ ሰው «ይህ ለእርስዎ አይሆንም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይዩ» ያለው ደንበኛ እንዳለ ጠይቁት። መልሱ ውስጥ ከተንተባተበ ውጡ። ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፤ አይሆንም ካሏችሁ የአንድ ቀን ብቻ ክፈሉ።

ትናንት ከዚያው ጂም መልእክት ደረሰኝ፦ «ጋሼ ናፍቀውናል! ሲያድሱ ምርመራው በነጻ ነው።»