የከተማ ሴፍቲኔት በደሴ፦ እናቴን ያዘ፣ እህቴን ሳተ

እናቴ በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰብ በሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ) ታቅፋ 3 ዓመት ሠርታለች። መንገድ ጠርጋለች፣ ቦይ አጽድታለች፣ ጦሳ ተራራ ሥር እርከን ሲሠራ ድንጋይ ተሸክማለች። ደብተሯን የምይዝላትና ባንክ የምሸኛት እኔ ነኝ። ሰሞኑን ጎረቤቶች «ምዝገባ ቢከፈት ልግባበት ወይ? ይጠቅማል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልጻፈው። በተለይ የኮሮናውን ጊዜ፤ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የገባኝ ያኔ ነው።

ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። ኮሚቴ በየቀጠናው ድሃ ድሃውን ይለያል፤ ጉልበት ያለው የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፤ አቅም የሌለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ሳይሠራ ይደገፋል። ሲጀመር የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር። ከዚያ ላይ 20 በመቶው በስምሽ ይቆጠብ ነበር። የሥራው ቀን በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄድና በ3ኛው ዓመት ትመረቂ ነበር። እናቴን መጀመሪያ ያናደዳት ቁጠባው ነበር። «ዛሬ የራበኝን ለነገ አስቀምጡልኝ ብያለሁ?» ትል ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፤ ሚኒባሱ በግማሽ ወንበር እየጫነ ታሪፉ ወደ ላይ ወጣ። ቡና ተጠራርቶ መጠጣት ለለመደ የወሎ ሰው በር ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠረጋውም ቆመ። እናቴ «እንግዲህ ሥራ ከሌለ ብርም የለም» ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

ብሩ ግን መጣ። የ3 ወሩ ክፍያ ባንድ ላይ፣ ሥራ ሳይጠየቅበት፣ ቀድሞ ገባ። ከቁጠባቸውም እስከ ግማሽ ድረስ ማውጣት ተፈቀደላቸው። ያ የተናደደችበት ቁጠባ!

ብሩን የተቀበልንበትን ቀን አልረሳውም። ባንኩ በር ላይ በኖራ ክብ ክብ ተሠርቷል፤ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሳሙናው በገመድ ታስሯል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቆመን ተራ የደረሰን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከፊታችን የነበሩት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ ምርኩዛቸውን ክቡ መሐል ተክለው፣ ሰልፉ አንድ እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መጀመሪያ ምርኩዙን ወደሚቀጥለው ክብ ያሻግሩ ነበር። ሲስተም የለም ተብሎ ሁለት ጊዜ ቆመ። ለአረጋውያን የተለየ መስኮት ማዘጋጀት ይህን ያህል ይከብዳል? ስሙን የማልጠራው ባንክ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል። እናቴ ብሩን በመሐረቧ ቋጠረችው። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11፣ ረመዳን ደግሞ ሚያዝያ 16 ነበር የገባው። ጤፉን ከማሽላ ቀላቅላ አስፈጨች፣ የቤት ኪራይ ከፈለች፣ ለአክፋይ ጎረቤታችንም ለጿሚዋ ጎረቤታችንም ትንሽ ትንሽ ዱቄት በሰፌድ ላከች።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። ፒያሳ አካባቢ የካፌ አስተናጋጅ ነበረች። ከደመወዟ ይልቅ ያኖራት የነበረው ቲፑ ነው። ባንድ ጠረጴዛ ከ3 ሰው በላይ አይቀመጥም ሲባል ደንበኛው ቀረ፤ አሠሪዋ «ሲሻሻል እጠራሻለሁ» ብሎ ሸኛት። አዋጁ ሠራተኛ ማባረር ከልክሎ ነበር። መንግሥትም ሥራ ቆሞባቸው ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ላላቋረጡ ድርጅቶች ከደመወዝ የሚቆረጠውን የ4 ወር የሥራ ግብር እንዳይከፍሉ ፈቅዶ ነበር። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ አልቃወምም። እህቴ ግን ውል የላት፣ ስሟ ከደመወዝ መክፈያ ላይ የለ፣ ግብር ተቆርጦባት አያውቅ። አልተቀጠረችም እኮ፣ በወረቀት! በወረቀት ያልተቀጠረ ደግሞ በወረቀት አይባረርም። ለሴፍቲኔቱ ልመዝገብ ብላ ብትሄድ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ «ዝርዝሩ ተዘግቷል፤ መታወቂያሽም የዚህ አይደለም» አሏት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት።

ለምን እንደተዘጋ ቆይቶ ነው የገባኝ። ፕሮግራሙ ይሠራ የነበረው ከዓለም ባንክ በተገኘ 300 ሚሊዮን ዶላር ብድርና መንግሥት በጨመረው 150 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ11ዱ ከተሞች ስንት ሰው እንደሚታቀፍም ቀድሞ ተቆጥሮ ነበር፤ 604 ሺህ። በሽታው ሲመጣ ያ ቁጥር ከየት ተገኝቶ ይጨመር? መንግሥት እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የነበረውን የግብር ዕዳ ሰርዞ ነበር፤ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ.) 411 ሚሊዮን ዶላር አስቸኳይ ብድር ወስዶ ነበር፤ የ2013 በጀት 476 ቢሊዮን ብር ሆኖ ሲጸድቅ ገቢው በዚያው ልክ ይሞላል ብሎ የሚያምን አልነበረም። የካዝናው ጭንቅ ይገባኛል። ቢሆንም ደህና ቀን የተቆጠረ ዝርዝር ለክፉ ቀን አይበቃም። ኮሮና አዲስ ድሃ ፈጥሯል፤ አዲሱ ድሃ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ሊኖር አይችልም። እንዲህ ያለ መዓት ሲመጣ መዝገቡ ቢያንስ ለ6 ወር የሚከፈትበት፣ ገንዘቡም አስቀድሞ ለብቻው የሚቀመጥበት ሕግ ያስፈልጋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

እህቴን የያዛት ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን ነው። ቅሬ ለቀብር ነው የምትሉ አላችሁ። የኛው የቅሬ ዳኛ ግን «ሞቷን እንጠብቅ እንዴ? በቁሟ እንርዳት» አሉና ከየቤቱ አንዳንድ ጣሳ እህል አሰባሰቡላት። ሁለት ወር ቆየች በዚያ። ከዚያ በላይ አልቻሉም፤ ሰጪዎቹም የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

እናቴ በ2013 ስትመረቅ በተሰጣት መቋቋሚያ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ እንጀራ መሸጥ ጀመረች፤ ጥሩም ሄዶላት ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሸሽተን ወጣን። ስንመለስ ምጣዱ የለም። አሁን በዱቤ በገዛችው ትሠራለች።

ኮከብ ስጡ ከተባለ፣ ለታቀፈ ሰው ከ5 4 እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለሰልፉ ነው። ድንገት ለወደቀ ሰው 1። ልትመዘገቡ ያሰባችሁ፣ ምዝገባው እስኪለፈፍ አትጠብቁ። ተከራይ ከሆናችሁ የነዋሪነት መታወቂያችሁን አሁን ከምትኖሩበት ቀበሌ አውጡ፤ የቀጠና ኮሚቴው ቤታችሁን ይወቀው፤ ስማችሁ ከቀረም ለቅሬታ ሰሚው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አመልክቱ፣ ኮፒውንም ያዙ። እህቴ መታወቂያዋን ባለፈው ወር አውጥታለች።