ባሕር ዳር ላይ ሴፕቲክ ታንክ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፦ አፈሩን ሳይመረምር ዲዛይን ለሚሸጥላችሁ መሐንዲስ ገንዘብ አትስጡ

ሽምብጥ አካባቢ ያለው የእህቴ ግቢ የፍሳሽ ጉድጓዱ እየሞላ ሲያስቸግር፣ በሰው ጥቆማ አንድ መሐንዲስ መጣ። ግቢውን በሜትር ለካ፣ የዲዛይኑን ክፍያ ሙሉውን በቅድሚያ ተቀበለ፣ ማህተም ያረፈበት ፕላን አስረከበ። ሥራው ግንቦት ላይ አለቀ። ነሐሴ ሲገባ አዲሱ ማስረጊያ ጉድጓድ (ከታንኩ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ መሬት የሚሰርግበት) መምጠጡን አቆመ፤ ፍሳሹ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ተመልሶ ወጣ። ሰውዬው ሲጠየቅ ጥፋቱን በቆፋሪዎቹ ላይ አላከከ። እነሱ ግን የሠሩት ፕላኑ ላይ ያለውን ነው፤ ፕላኑ ላይ ደግሞ ስለ አፈሩም ሆነ ስለ ከርሰ ምድር ውሃው አንድም ቃል የለም።

እንዲህ ያለ ዲዛይን የትም አያዋጣም፤ ጣና ዳር ሲሆን ግን ጉዳቱ ይብሳል። ሐይቁ ዝቅ የሚለው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ። በዳርቻው ባሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድሩም ውሃ በዝናቡ ይነሳል። በግንቦት አቧራ የሚያወጣ ጉድጓድ በነሐሴ ከሥሩ ውሃ ሊያፈልቅ ይችላል። ያኔ ፍሳሹ መስረጊያ ያጣል፣ ሳይጣራም ከጉድጓድ ውሃችን ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የማስረጊያው ወለል ውሃው በክረምት ከሚደርስበት ከፍታ 1.5 ሜትር ያህል በላይ መሆን፣ ከውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። የጎረቤትን ጉድጓድም ቁጠሩ!

አፈሩም ያታልላል። ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ውሃ ብታፈሱበት በስንጥቁ ሽው ብሎ ይገባና «ጥሩ ይመጥጣል» ያሰኛል። ሲርስ ያብጣል፣ ስንጥቁም ይገጥማል። እውነተኛ ምርመራ ማለት ማስረጊያው በሚደርስበት ጥልቀት ቆፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ አሳድሮ፣ በማግስቱ እንደገና ሞልቶ ውሃው በስንት ደቂቃ ምን ያህል እንደወረደ መለካት ነው። አንድ ባልዲ አፍስሶ የሚሄድ ሰው ምንም አልመረመረም።

ሌላም አለ። አሮጌውን ታንክ ሳያስከፍት «ሙሉ በሙሉ ይቀየር» የሚላችሁን አትመኑ። ብዙ ጊዜ ታንኩ ለዓመታት ሳይመጠጥ ይቆይና ዝቃጩ ወደ ማስረጊያው አልፎ ይደፍነዋል፤ ወይም መውጫው ላይ ያለው፣ ተንሳፋፊው ቆሻሻ እንዳያልፍ የሚያግደው ቲ ቱቦ ተሰብሯል። መጣጭ መኪና አስመጥታችሁ ካስጸዳችሁት በኋላ ውስጡ ይታይ፤ ብዙ ገንዘብ ሊያድንላችሁ ይችላል። መሐንዲሱ ስለ ሰርቪስ ተከራዮች ካልጠየቀም ተጠራጠሩ፤ ታንክ የሚለካው ግቢው ውስጥ በሚኖረው ሰው ሁሉ እንጂ በባለቤቶቹ ብቻ አይደለም።

የእናንተ መሬት የማይመጥጥ ከሆነ ይህን በግልጽ የሚናገር ባለሙያ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ከመሬት ከፍ ተደርጎ በአሸዋና በጠጠር የሚሠራ ማጣሪያ አለ፤ ለዚያ ቦታ ከሌለም የማያሰርግ ታንክ ሠርቶ በየጊዜው ማስመጠጥ ይቻላል። ወጪው ያማል፤ ሆኖም ከወዲሁ ታውቆ የሚገባበት ወጪ ነው።

ውላችሁ ላይ የአፈር ምርመራው ውጤት በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ፣ ቁፋሮው ሲያልቅ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት መሐንዲሱ ራሱ ሳይት ላይ መጥቶ እንዲያይ አስገቡ። ከቀብዱ የተረፈውን ክፍያ ደግሞ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ያዙት። በዚህ የማይስማማ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እህቴን የሠራት ሰው እስካሁን ስልክ አያነሳም፤ ፕላኑን ይዛ ወደ ሸማቾች ጥበቃ ልትሄድ ነው፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።