የመኪና መድን በወኪል መግዛት፦ የሚያዋጣውና የሚያከስረው

ቦሎ ለማደስ የሶስተኛ ወገን መድን (በሌላው ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚከፍለው) ሰርተፊኬት ግድ ስለሆነ፣ ብዙ ባለመኪና ከመድን ወኪል ጋር የሚተዋወቀው በዚያው ጥድፊያ መሃል ነው። ለሶስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ወኪል ከወኪል ብዙም አይለይም፤ ሰርተፊኬቱ እውነተኛ ይሁን፣ የታርጋና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይግጠም፣ አለቀ። የራስን መኪና ጉዳትም የሚሸፍነው ሙሉ ኢንሹራንስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ በጎበዝና በሰነፍ ወኪል መካከል ያለው ልዩነት አደጋ በደረሰ ቀን በመቶ ሺዎች ብር ይቆጠራል።

መጀመሪያ ማን የማን እንደሆነ ይለይ። ወኪል የሚሠራው ለኩባንያው ነው፤ ኮሚሽኑንም የሚከፍለው ኩባንያው ስለሆነ ከደንበኛው «የአገልግሎት» ብሎ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም። ብሮከር ደግሞ ደንበኛውን ወክሎ ከብዙ ኩባንያዎች ዋጋና ውል ያወዳድራል። ሁለቱም ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም፤ የሚያበቃበትን ቀንም ተመልከቱ። ለአንድ የቤት መኪና ጥሩ ወኪል ይበቃል። አምስት ስድስት የጭነት መኪና ላለው ድርጅት ግን ብሮከር ይሻላል፤ ምክንያቱም የአንድ ኩባንያ ወኪል የሌላውን ኩባንያ የተሻለ ውል አምጥቶ አያሳያችሁም።

ወኪሎች ጥሩ ነጥብ የሚያገኙት በቅልጥፍና ነው። ቢሮ ድረስ ይመጣሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ፎርሙን ይሞላሉ። ችግሩም ከዚያው ከፎርሙ ይጀምራል። የመድን መጠየቂያ ቅጹን ወኪሉ በራሱ ግምት ሞልቶ «እዚች ጋ ፈርሙ» ካለ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ቅጹን አንብቡ። ውሉ የሚቆመው በዚያ ቅጽ ላይ ነው፤ የተዛባ መልስ ከተገኘበት ኩባንያው ካሳ ለመከልከል በቂ ምክንያት ያገኛል። በተለይ ሁለት መስመሮችን እዩ። አንደኛው አገልግሎት የሚለው ነው። ኮድ 2 የቤት መኪና ተብሎ የተመዘገበ ተሽከርካሪ ማታ ማታ በአፕ ተጠርቶ ተሳፋሪ ሲጭን አደጋ ቢደርስበት፣ «የግል» የምትለዋ ቃል የካሳውን በር ትዘጋለች። ሁለተኛው ስም ነው። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ የሚነዳ መኪና በአገራችን ሞልቷል፤ የካሳው ቼክ የሚጻፈው ግን ውሉ ላይ ለሰፈረው ሰው ነው። ውክልናው ካሳ መቀበልንም ካልጨመረ፣ ሻጩን አገር ለአገር መፈለግ ይመጣል። ይህን ሳይጠየቅ የሚያነሳ ወኪል ያዙት፤ ሥራውን ያውቃል።

ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በመኪናው ዋጋ ነው። አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) እንዲቀንስ ሲሉ ወኪልና ደንበኛ ተስማምተው ዋጋውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወኪሉ ሽያጩን ይዘጋል፣ ደንበኛው ያተረፈ ይመስለዋል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። ገበያ ላይ 3,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,800,000 ብር ተመዝግቧል እንበል። ሽፋኑ 60 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። የጥገናው ወጪ 400,000 ብር ቢመጣ ኩባንያው በዚያው ልክ 240,000 ያሰላል፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ (ከካሳው ላይ ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) ይነሳል። የቀረው 160,000 ብርና ተቀናሹ ከባለመኪናው ኪስ ይወጣል። መኪናው ሙሉ በሙሉ ካልወደመ ምን ቸገረኝ የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ስሌቱ ለትንሽ ጉዳትም ይሠራል። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ያምናውን ዋጋ እንዳለ ገልብጦ ማደስ ራስን ማታለል ነው። ወኪሉ በእድሳት ጊዜ «ዋጋውን እናስተካክል» ካላለ እናንተ በሉት።

ከመደበኛው ውል ውጭ ስላሉት ተጨማሪ ሽፋኖች የወኪሎች ዕውቀት በጣም የተለያየ ነው። በሽፍታና በታጣቂ የሚደርስ ጉዳት በአገራችን የመኪና ውሎች ላይ ከሽፋን ውጭ ይደረግና ተጨማሪ ተከፍሎበት ይገባል፤ በሥራው ቋንቋ ቢኤስጂ ይሉታል። ከፖለቲካ ሁከት የሚመጣ ጉዳትም እንዲሁ ለብቻው ይገዛል። ከከተማ ወጥቶ ለሚሠራ መኪና ስለ ሁለቱ ሳይጠይቁ መፈረም አይገባም። ጅቡቲ ለሚመላለስ የጭነት መኪና የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል፤ ቢጫ ካርዱ ግን ለሌላው ወገን የሚደርሰውን ጉዳት እንጂ የራሳችሁን መኪና አይጠግንም። «ቢጫ ካርድ ካለህ ሁሉም ተሸፍኗል» የሚል ወኪል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ክፍያን በተመለከተ ድርድር የለም፦ ገንዘቡ በኩባንያው የባንክ ሂሳብ ይግባ፣ የኩባንያው ደረሰኝ ይያዝ። በወኪሉ የግል ስልክ ወይም ሂሳብ የተላከ አረቦን ኩባንያው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል ብላችሁ አስቡ። ወኪሉ በቃል የገባው ነገር ሁሉ፣ «ይሄም ይካተታል» ያለው ጭምር፣ በውሉ ወይም በተጨማሪ ውል ላይ ካልሰፈረ ካሳ ክፍል አያውቀውም። መኪናው የባንክ ዋስትና ከሆነ የባንኩ ስም ውሉ ላይ መኖሩንም አረጋግጡ፤ አለዚያ ክፍያው ደርሶ በደብዳቤ ልውውጥ ይጓተታል።

ትክክለኛው ፈተና የአደጋው ቀን ነው፤ አብዛኛው ወኪልም የሚወድቀው እዚህ ነው። ካሳ የማጽደቅ ሥልጣን እንደሌለው እወቁ፤ ከእሱ የሚጠበቀው መንገዱን ማሳየትና ፋይሉን መከታተል ነው። ጥሩው ወኪል ስልክ ሲደወልለት በቅድሚያ የሚናገረው «መንገድ ላይ ተሸማግላችሁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ» የሚለውን ነው። በሽማግሌ የተከፈለውን ኩባንያው ሳይስማማበት መተካት አይገደድም፤ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» ብሎ መፈረምም እንደዚያው ጣጣ ያመጣል። ቀጥሎ ትራፊክ ፖሊስ፣ ፎቶ፣ ከዚያ ማሳወቅ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አምስት ቀን ይሰጣል፤ ውሉ ከዚያ የተለየ ነገር ካለው አስቀድሞ ማንበብ ነው። ለማንኛውም በዚያው ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ ይሻላል፤ ለወኪሉ ብቻ መንገር ለኩባንያው እንደመንገር ላይቆጠር ስለሚችል ማሳወቂያው ቅርንጫፉ ይድረስ፣ ማህተም ያረፈበት ኮፒም በእጃችሁ ይቅር።

ብዙ ፋይል የሚበላሸው ጋራዥ ውስጥ ነው። የኩባንያው መሐንዲስ ሳያይ የተፈታ መኪና አከራካሪ ነው። ከፍተሻ በኋላ መኪናው ሲፈታ የተደበቀ ጉዳት ከተገኘም ዕቃው ከመቀየሩ በፊት መሐንዲሱ ተመልሶ ይይ። የወለቁ አሮጌ ዕቃዎችን አትጣሉ፤ ኩባንያው ሊጠይቃቸው ይችላል። የመጨረሻው የመቀበያ ሰነድ ሲመጣ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል መሆኑን እያወቃችሁ ፈርሙ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረ ጥያቄ ማንሳት ከባድ ነው።

ከወኪል ጋር ለሚደረግ የመጀመሪያ ንግግር አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ባለፈው ዓመት የስንት ደንበኛህን የካሳ ፋይል ተከታትለህ ጨረስክ? የትኛውስ ተከለከለ፣ ለምን?» ስለ ክልከላው ምክንያት አፉን ሞልቶ የሚናገረውን ምረጡ። የሁሉም ደንበኞቼ ተከፍሏቸዋል የሚለው ወይ አዲስ ነው፣ ወይ ፋይል ተከታትሎ አያውቅም።