የጀልባ ጎን የሚበየድበት አልጋ፦ አጣና ይሻላል ወይስ ቱቦ?

ሰሞኑን ሦስት ልጆች በየተራ ደወሉልኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ የጀልባውን ጎን ምን ላይ አስተኝተን እንበይደው? አጣና እንግዛ ወይስ ቱቦ?» ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ የሚሄድ የብረት ጀልባ የሚሠራ ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ይደርሳል። አልጋ የምንለው የጎበጠውን ላሜራ እስኪበየድ ከሥር የሚሸከሙትን የተደረደሩ እግሮች ነው። መልሴን አልደብቅም፤ ቱቦ ግዙ።

አጣናው ለምን እንደሚያጓጓ ይገባኛል። ጎጃም ውስጥ ባሕር ዛፍ በየደጁ ነው። እኔም የጀመርኩት በእሱ ነው። ለአንድ ጎን የሚበቃኝ እንጨት የቱቦውን ዋጋ ሩብ ቢሆን ነው። ግን ጀልባ ሁለት ጎን አለው፤ የቀኙ ጉብጠት የግራው ግልባጭ ነው። አልጋውን ስነቅለው እንጨቱ ተሰነጣጠቀ፤ ሌላ ገዛሁ። ግማሽ ደረሰ። ሁለተኛው ጀልባ ቅርጹ ሌላ ሆነና አሁንም ሁለት ጊዜ ገዛሁ። በቃ፣ የቱቦውን ዋጋ ሞላሁት። ሚስማሩንና የሠራተኛውን የቀን ሒሳብ ገና አልቆጠርኩም።

ከገንዘቡ የባሰው ልኩ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ሰኞ ያስተካከልኩት በሳምንቱ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ላሜራውን አስተኝቼ ከሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ በላሜራውና በእንጨቱ መሀል ጣቴ ይገባል። በያጁ በመዶሻ እየመታ አስጠግቶ በየደው። ከአልጋው ስናነሳው ላሜራው ወደ ራሱ ተመለሰ፤ ከውስጥ የሚበየዱት ማጠንከሪያ አጥንቶች አልገጥም አሉ። ቆርጠን እንደገና በየድን።

የቱቦው እግር ቀላል ነገር ነው። ቀጭኑ ቱቦ ወፍራሙ ውስጥ ይገባል፤ ቁመቱ በቀዳዳና በፒን ይያዛል። ጫፉ ላይ ያለው ብሎን የቀረችውን ሚሊ ያስተካክላል። የእያንዳንዱን እግር ቁመት ወለል ላይ በሙሉ ልኩ ከተሳለው የጀልባ ቅርጽ መለካት ነው። ለሌላ ጀልባ ቁመቱን መቀየር ብቻ።

ሒሳቡ ይኸው። በትልልቅ የመርከብ መሥሪያዎች እግሮቹ አንድ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ የእነሱ ብረት ወፍራም ነው። እኔ በ4 ሚሊ ላሜራ ስለምሠራ በየ60 ሳንቲሙ አቆማለሁ። 3 ሜትር በ1.80 ለሆነ ጎን 24 እግር ይፈጃል። የውጪውን 60፣ የውስጡን 45 ሳንቲም አድርጋችሁ ብትቆርጡ ባለ 6 ሜትር ቱቦ ከወፍራሙ ሦስት፣ ከቀጭኑ ሁለት ይበቃል።

ብሎንና ዳዶ ላይ ግን አትቆጥቡ። እኔ ርካሹን ገዝቼ ተቃጥያለሁ። ፎርጅድ ነበር። ላሜራው ሲጫነው ጥርሱ እንደ ፀጉር ተልጦ ወጣ፤ አራት እግር በአንድ ቀን ቁጭ አለ። ያንን ሁሉ ቶርኖ ቤት ወስጄ ማሠራት ግድ ሆነ፤ ከደህናው ዋጋ በላይ ከፈልኩ። ሱቅ ውስጥ ዳዶውን በእጃችሁ አጥብቁና ወዝውዙት። ከተንገዳገደ አስቀምጡት።

አንድ ዓይነት ጀልባ አምስት ስድስት ለመሥራት የተዋዋለ ሰው በእግሮቹ ፋንታ ከወፍራም ላሜራ በጀልባው ጉብጠት ልክ ቋሚ ቅርጽ ቢያስቆርጥ አልቃወመውም። ለአንድ ለሁለት ግን ብረት ማባከን ነው።

እግሮቹን አፈር ላይ እንዳታቆሙ። ክረምት ላይ ይሰምጣሉ። ኮንክሪት ላይ አቁሙ፤ ውሃ በሞላ ላስቲክ ቱቦ ደረጃውን እዩ። ማጠንከሪያዎቹ ተበይደው ሳያልቁ ላሜራውን አታንሱ፤ ብየዳውንም ከመሀል ወደ ዳር ውሰዱት።

የእኔ 24 እግሮች ግሪስ ተቀብተው በማዳበሪያ ተጠቅልለዋል። ሦስተኛ ክረምታቸው ነው።